ለንደን ሁለት ሌሊት፣ ክፍለ ሀገር አርባ ዓመት

ኤፕሪል 10 ቀን 1833 ለንደን በሚገኘው ኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት ኦቴሎ፣ ስለ አንድ ጥቁር የቬኒስ ጄኔራል የሚተርከው የሼክስፒር ተውኔት፣ ሊታይ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦቴሎን የሚጫወተው ግን ኤድመንድ ኪን አይደለም። ኪን የዘመኑ አንደኛ ተዋናይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማርች 25፣ እዚያው መድረክ ላይ ኦቴሎን እየተጫወተ ሳለ ተዝለፍልፎ ልጁ ቻርልስ ክንድ ላይ ወደቀ። ልጁ ኦቴሎን የሚያታልለውን ኢያጎን ነበር የሚጫወተው። ኪን ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ ሜይ ላይ ሞተ።

በእሱ ቦታ የወጣው የ25 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አይራ አልድሪጅ ይባላል። ማስታወቂያው ግን «የሴኔጋል ተወላጅ» ነው ያለው። ኤፕሪል 10 ተጫወተ። ኤፕሪል 12 ተጫወተ። ሦስተኛው ማታ ቀረ።

ስለ አልድሪጅ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሁለት ምሽቶች ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። እውነትም ድራማ አለው፤ በሽታ፣ ዘረኝነት፣ የተዘጋ በር። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ሰውየው ከ1825 እስከ 1867፣ ለ42 ዓመት፣ በትወና እንጀራውን በላ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ለንደን ሳይሆን ክፍለ ሀገር ነበር። እንዴት አድርጎ?

አጀማመሩን ቶሎ ልለፈው። ኒውዮርክ ውስጥ ጁላይ 24 ቀን 1807 ተወለደ። የተማረው ለጥቁር ልጆች በተከፈተው የአፍሪካውያን ነጻ ትምህርት ቤት ነው። በ1821 ዊልያም ብራውን የሚባል ሰው በዚያው ከተማ የጥቁሮች ቲያትር ቤት አቋቋመ። ጥቁሮች ሼክስፒርን ይጫወቱበት ነበር። ረባሽ ይመጣል፣ ፖሊስ ይመጣል፤ ቲያትር ቤቱ ብዙም አልቆየ። አልድሪጅ መድረክን የቀመሰው እዚያ ነው። ልጁ ነገሩ ገብቶታል፤ ይቺ አገር ለእሱ ተዋናይነት አትሆንም። በ1824 ጄምስ ዋላክ የሚባል ተዋናይ ወደ እንግሊዝ በተጓዘበት መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ተቀጥሮ ባሕሩን ተሻገረ። በዓመቱ፣ ሜይ 1825፣ ገና 17 ዓመቱ እያለ በምሥራቅ ለንደን አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት ኦቴሎን ተጫወተ።

እዚህ ላይ የእንግሊዝን የቲያትር ሕግ ማወቅ ግድ ይላል። አለዚያ የሰውየው መንገድ አይገባንም።

በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ማንም ቲያትር ቤት ተነስቶ ሼክስፒርን ማሳየት አይችልም ነበር። ሙሉ የንግግር ተውኔት የማሳየት የንጉሥ ፈቃድ የነበራቸው ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን ናቸው። ሄይማርኬት የሚባለው ደግሞ በበጋ ብቻ ይፈቀድለታል። ሌሎቹ ሙዚቃና ዳንስ መቀላቀል ነበረባቸው። ይህ ሕግ የተነሳው በ1843 ነው። እንግዲህ ክላሲክ ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ሰው ለንደን ውስጥ ያለው በር ሁለት ተኩል ነው ማለት ነው። አልድሪጅ በ1825 መጨረሻ ኮበርግ የሚባለው ቲያትር ቤት (ዛሬ ኦልድ ቪክ የሚባለው ነው) ሲወጣ፣ የታይምስ ጋዜጣ ጸሐፊ በከንፈሩ አሠራር የተነሳ እንግሊዝኛን በትክክል ሊናገር እንደማይችል ጻፈ። ልብ በሉ፣ ልጁ አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነው።

ክፍለ ሀገር ግን ሌላ ዓለም ነበር። ባዝ፣ ብሪስቶል፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር፣ ደብሊን የየራሳቸው ፈቃድ ያላቸው ቲያትር ቤቶች ነበሯቸው። ሼክስፒርን ማንንም ሳይጠይቁ ያሳያሉ። ለንደን ውስጥ በር የሚዘጋበት ወጣት እዚያ ሄዶ ኦቴሎን፣ ማክቤዝን፣ ሻይሎክን በአንድ ሳምንት ሊጫወት ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ከተማ ቋሚ የተዋናዮች ቡድን አለው። ቡድኑ የታወቁትን ተውኔቶች በቃሉ ያውቃል። ከውጭ አንድ ስመ ጥር ተዋናይ ይጋበዛል። ጠዋት ይደርሳል፣ ከቡድኑ ጋር አንዴ ይለማመዳል፤ የት እንደሚቆም፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ይነግራቸዋል። ማታ መጋረጃው ይከፈታል። ዛሬ እንደምናውቀው ወራት የሚፈጅ ልምምድ፣ አዘጋጅ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ፣ አንዱም የለም። እንግዳው ተዋናይ ከገቢው ድርሻውን ይወስዳል። ከቆይታው መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የአንድ ማታ ገቢ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ለእሱ ይሰጣል። ያቺ ማታ ቤቱ ከሞላች ኑሮ ተገኘ። ካልሞላች የመንገድ ብር ብቻ ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ።

በዚህ አሠራር የተዋናይ ሀብቱ ምንድን ነው? በጭንቅላቱ ይዞት የሚዞረው የገጸ ባህርያት ብዛት ነው። ሌላ የለውም።

የአልድሪጅም ችግር የጀመረው እዚሁ ላይ ነው። ተመልካቹ እሱን ለማየት የሚመጣው ጥቁር ስለሆነ ነው። በእንግሊዝኛ ተውኔት ውስጥ ደግሞ ጥሩ የጥቁር ገጸ ባህርይ በጣት ይቆጠራል። ኦቴሎ አለ። በባርነት የተሸጠው ልዑል ኦሩኖኮ አለ። በቀለኛው ዛንጋ አለ። ከዚያ ደግሞ «መቆለፊያው» በተባለ ቀልደኛ ዘፈን አዘል ጨዋታ ውስጥ ያለው ሙንጎ፣ የሚደበደበውና የሚሳደበው አሽከር። አንድ ከተማ ሦስት ሳምንት ከተቀመጠ ሁሉም ያልቃል።

በሙንጎ የሠራውን ጨዋታ እወድለታለሁ። በዚያ ዘመን በአንድ ማታ ከዋናው ተውኔት በኋላ አጭር አስቂኝ ጨዋታ ይከተላል። አልድሪጅ ኦቴሎን ተጫውቶ፣ ሚስቱን ዴስዴሞናን ገድሎ፣ ራሱን ወግቶ ሞቶ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙንጎ ሆኖ እየዘፈነ ይመለሳል። በአንድ ማታ ሁለት ሰው። ተመልካቹ በሙንጎ እንዲስቅ ይፈቅድለታል። ግን ግማሽ ሰዓት በፊት ያው ሰው ጄኔራል ነበር፤ ያንን መርሳት አይቻልም። ከዚያ በስንብቱ ማታ፣ መጋረጃው ከወረደ በኋላ፣ ወደ ፊት ወጥቶ ባርነት ይቅር ብሎ ይናገራል። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ገና አልሻረችም ነበር።

ንግግሩ ባዶ አልቀረም። በ1828 ኮቨንትሪ የምትባል ከተማ ለጥቂት ወራት የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አደረገችው። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። በእንግሊዝ ቲያትር ቤት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ እንደሆነ ይነገራል። የከተማው ሰዎች ባርነት እንዲቀር ለፓርላማ አቤቱታ ላኩ፤ ለዚህም ያነሳሳቸው የእሱ ንግግርና ትወና እንደሆነ ይወሳል። ማንቸስተር ደግሞ ሥዕሉን ገዛች። ጄምስ ኖርዝኮት ኦቴሎ አድርጎ የሣለውን የአልድሪጅን ምስል የከተማው የሥነ ጥበብ ተቋም በ1827 የመጀመሪያ ንብረቱ አድርጎ ገዝቶታል። ተቋሙ ከሥዕል ሁሉ ቀድሞ የገዛው የአንድ ጥቁር ተዋናይ ፊት ነው። ሥዕሉ ዛሬም እዚያው ከተማ አለ።

የሴኔጋሉን ነገርም ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። ማስታወቂያዎቹ «አፍሪካዊው ሮስኪዮስ» ይሉታል፤ ሮስኪዮስ የጥንት ሮም ታላቅ ተዋናይ ነው። አያቱ የሴኔጋል የፉላኒ ልዑል እንደነበሩ የሚያወራ የሕይወት ታሪክም በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ይሸጥ ነበር። አባቱ ግን ኒውዮርክ ውስጥ ሰባኪና ነጋዴ ነበሩ። ውሸት ነው? አዎ፣ ውሸት ነው። ኒውዮርክ የተወለደ የሰባኪ ልጅን ለማየት ማን ትኬት ይቆርጣል? የእንግሊዝ ተመልካች ልዑል ይፈልጋል። ልዑል ሰጠው።

ወደ 1833 እንመለስ። ኮቨንት ጋርደን የደረሰው እንግዲህ ስምንት ዓመት ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ከዞረ በኋላ ነው። ኪን ራሱ ደብሊን ላይ አይቶት ለባዝ ቲያትር ቤት አመስግኖ ጽፎለታል። ጀማሪ አልነበረም። ዴስዴሞናን የተጫወተችው ኤለን ትሪ የምትባል የታወቀች ተዋናይ ናት። አዳራሹ ውስጥ ተመልካቹ አጨበጨበ። ጋዜጦቹ ግን ተነሱበት። አንዱ መጽሔት ኤለን ትሪን የመሰለች እመቤት በጥቁር ሰው እጅ መነካካቷን ተቃወመ። ትወናውን አይደለም፣ እጁን። በዚያው ዓመት ፓርላማው ስለ ባርነት እየተከራከረ ነው፤ በስኳርና በባሪያ የከበሩ ሰዎች በከተማው ሞልተዋል። ሕጉ ኦገስት ላይ ጸደቀ። መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ፤ ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቻቸው። በዚያ ላይ ከተማው ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ቲያትር ቤቶች ተመልካች አጥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ የቀሩትን ምሽቶች ሰረዘ።

በነገራችን ላይ እኛ ኦቴሎን ያወቅነው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው። በእኛ መድረክ የኦቴሎ መልክ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የሚቸገሩት ሌሎቹ ናቸው፤ ኢያጎና ካሲዮ ናቸው ቬኒስያዊ መምሰል ያለባቸው። በእንግሊዝ ደግሞ እስከ አልድሪጅ ድረስ ኦቴሎ ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ነበር። ድንገት ቀለም የማያስፈልገው ሰው ሲወጣ፣ እስከዛሬ ጨዋታ የነበረው ነገር እውነት መሰለባቸው። ያስደነገጣቸው ይህ ይመስለኛል።

አልድሪጅ ምን አደረገ? ሻንጣውን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገሩ ተመለሰ። ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ገደማ እንግሊዝን፣ ስኮትላንድን፣ አየርላንድን ዞረ። ቲያትር ቤት ሲጠፋ አዳራሽ ይከራያል። ቡድን ሲጠፋ ብቻውን ይሠራል፤ ከተውኔቶች የተቆረጡ ትዕይንቶች፣ ጥቂት ዘፈን፣ ስለ ድራማ ንግግር። ከ1825 ጀምሮ ያገባት እንግሊዛዊት ሚስቱ ማርጋሬት ጊል ይህን ሁሉ አብራው አሳልፋለች።

የገጸ ባህርያት እጥረቱን የፈታበት ዘዴ ግን ሁለት ነው፤ ሁለቱም ድፍረት ይጠይቃሉ።

አንደኛው፣ የነጮቹን ወሰደ። ሻይሎክን፣ ማክቤዝን፣ ሪቻርድ ሦስተኛን፣ በኋላም ንጉሥ ሊርን። ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያደርጋል፣ ይወጣል። ነጮች ጥቁር ተቀብተው ሁለት መቶ ዓመት ሲጫወቱ ከኖሩ፣ እሱስ ምን ይከለክለዋል?

ሁለተኛው ይበልጥ ያስቀኛል። ሼክስፒር ቲቶ አንድሮኒኮስ የሚባል ደም የጨቀየ ተውኔት አለው። ሰው በደህና ጊዜ አያሳየውም ነበር። እዚያ ውስጥ አሮን የሚባል ጥቁር አለ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ። አንድ ደግ ነገር ብቻ አለው፤ የተወለደለትን ጥቁር ሕፃን ሊገድሉበት ሲመጡ ሰይፍ መዝዞ ይቆምለታል። አልድሪጅ ከሌላ ጸሐፊ ጋር ተቀምጦ በ1850 ገደማ ተውኔቱን ገለበጠው። ዘግናኙን ሁሉ አወጡት። አሮን የተከበረ ጀግና ሆነ። ከሼክስፒር የቀረው ብዙም አይደለም፤ ሊቃውንት ቢያለቅሱም አይፈረድባቸውም። ለሠራተኛ ተዋናይ ግን አዲስ ዋና ገጸ ባህርይ ተገኘ። እሱም ከዚያች ከሕፃኑ ትዕይንት ተነስቶ ነው የሠራው ብዬ እገምታለሁ፤ ተውኔቱን ያነበበ ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

በ1852 ሌላ በር ሞከረ፤ አውሮፓ። ከአንድ የእንግሊዝ ቡድን ጋር ብራስልስ ሄደ፣ ከዚያ ጀርመን። ቡድኑ ብዙ አልዘለቀም። እሱ ግን ቀረ። ከየከተማው የጀርመን ተዋናዮች ጋር መጫወት ጀመረ፤ እሱ በእንግሊዝኛ፣ እነሱ በጀርመንኛ። አስቡት። ኢያጎ በጀርመንኛ ያሽሟጥጣል፣ ኦቴሎ በእንግሊዝኛ ይቃጠላል። ተመልካቹ ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው። አጠገብህ ያለው ሰው ንግግሩን ሲጨርስ ካላወቅህ ያንተን መቼ ትጀምራለህ? የሁሉንም መጨረሻ ቃል በጆሮ መያዝ ነው። ይህን የሚችለው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው እዚህም እዚያም ከማያውቀው ቡድን ጋር ጠዋት ተለማምዶ ማታ የወጣ ሰው ነው። ክፍለ ሀገሩ ያስተማረው ሙያ ይኸው ነው።

ጀርመኖች አላንገራገሩም። በ1853 የፕሩሺያ ንጉሥ ለሥነ ጥበብና ለሳይንስ የሚሰጠውን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ሌሎች ነገሥታትም ተከተሉ። ለንደን ሁለት ማታ ብቻ የሰጠችው ሰው ደረቱ ላይ ኒሻን ደረደረ።

በ1858 ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቴዎፊል ጎቲየ እዚያ አይቶታል። የሚያገሳ፣ የሚንፈራገጥ ኦቴሎ ጠብቆ ነበር የሄደው። ያገኘው ረጋ ያለ፣ የተመጠነ፣ ግርማ ያለው ክላሲክ ተዋናይ ነው። ሊርን ሲጫወት ደግሞ ነጭ ጺምና ነጭ ጸጉር አድርጎ ሽማግሌ ንጉሥ ሆኖ አየው። «አፍሪካዊ» የሚለውን ቃል ሰምቶ አውሬ የጠበቀ ተመልካች ሁሉ የሚያጋጥመው ይኸው ነበር።

በዚያው ክረምት ከታራስ ሼቭቼንኮ ጋር ተዋወቀ። ሼቭቼንኮ የዩክሬን ባለቅኔና ሠዓሊ ነው። ጭሰኛ ሆኖ ተወልዶ በ1838 በገንዘብ ነጻ ወጣ፤ ገና ከረጅም ግዞት መመለሱ ነበር። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። የካውንት ፌዮዶር ቶልስቶይ ሴት ልጅ እያስተረጎመችላቸው ስለ ባሪያና ስለ ጭሰኛ ኑሮ አወጉ፤ ሼቭቼንኮ የአልድሪጅን መልክ ሣለ። የሩሲያ ጭሰኞች ነጻ የወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1861 ነው።

ከዚያ በኋላ የሩሲያን ክፍለ ሀገር ተያያዘው፤ ኪዬቭ፣ ኦዴሳ። ያው የድሮ ሥራ ነው፤ ርቀቱ ብቻ ጨመረ። በመሃል ለንደን ደረሰ፤ በ1858 ላይሲየም፣ በ1865 ሄይማርኬት ላይ ኦቴሎን ተጫወተ። በዚህ ጊዜ ጋዜጦቹ ለዘብ ብለዋል። በ1863 የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ።

ቤቱ ግን ሰላም አልነበረም። ማርጋሬት በ1864 ሞተች። እሷ በሕይወት እያለች ከስዊድናዊቷ ዘፋኝ አማንዳ ብራንት ልጆች ወልዷል፤ በ1865 አገባት። ከዚያ በፊትም ከሌላ ሴት የተወለደ ልጁን ያሳደገችው ማርጋሬት ናት። ሰው ስለ ታላቅ ተዋናይ ሲያወራ ይህን መዝለል ይወዳል። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ትዳር ምን እንደሚመስል ግን የጉዳዩ አካል ነው፤ ሂሳቡን የከፈለችው በአብዛኛው እሷ ናት።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ፣ ባርነት ሲቀር፣ ወደ ትውልድ አገሩ ለመመለስ ያስብ ነበር። አልሆነም። ኦገስት 7 ቀን 1867 ለሥራ በመጣባት ሉጅ በምትባል የፖላንድ ከተማ ሞተ። ስድሳ ዓመት ከሁለት ሳምንት ነበር ዕድሜው። እዚያው በወንጌላውያን መቃብር ተቀበረ፤ መቃብሩ ዛሬም አለ።

ለንደን ሳትቀበለው ቀርታ ክፍለ ሀገር ጣለችው ብሎ ማዘን ይቻላል። እኔ በግማሹ ነው የምስማማ። ግፉ ግፍ ነው፤ ኮቨንት ጋርደን ቢቆይ ኖሮ ኒውዮርክም ለንደንም ሌላ ታሪክ ይኖራቸው ነበር። ነገር ግን ኮቨንት ጋርደን የተቀመጠ ተዋናይ ቲቶን አይገለብጥም ነበር። ሊርን ለመጫወት ሃያ ዓመት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በሁለት ቋንቋ ትወናም አያስፈልገውም። ስትራትፎርድ ያለው የሼክስፒር ቲያትር ቤት የታላላቅ ተዋናዮችን ስም ወንበር ላይ በነሐስ ሲጽፍ የእሱንም አስገብቷል። ከ33ቱ ብቸኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ልጁ አማንዳ አባቷ ሲሞት የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። መልኩን አታስታውሰውም። አድጋ ዘፋኝና የዜማ ደራሲ፣ ኋላም ለንደን ውስጥ የድምፅ አስተማሪ ሆነች። በ1930 ፖል ሮብሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ ኦቴሎን ሊጫወት ተዘጋጀ። እሷ ነበረች ድምፁንና አነጋገሩን ያሠራችው። አባቷ ኦቴሎን ሲጫወት ያደርገው የነበረውን የጆሮ ጌጥ አውጥታ ሰጠችው።